ቻትስወርዝ ሳይሸጥና ሳይከፋፈል 470 ዓመት እንዴት ቆየ?

ጥያቄ፦ «እንግሊዝ አገር ደርቢሺር ውስጥ ያለውን የቻትስወርዝ ቤተ መንግሥት ጎብኝቼ ነበር። ከ470 ዓመት በላይ ከአንድ ቤተሰብ እጅ አልወጣም አሉን። እኛ ዘንድ የአያት ርስት ሦስት ትውልድ ሳይሞላው ተቆራርሶ ያልቃል። እነሱ ልጆቻቸው እንዴት አልተካፈሉትም? መንግሥትስ እንዴት ዝም አላቸው? የዴቨንሺር መስፍን የሚባለው ባለቤት ዛሬ ቢፈልግ ሊሸጠው ይችላል?»

አይችልም፤ ቤቱ የእሱ አይደለምና። ከሁሉ አስቀድሞ መቃናት ያለበት ይህ ነው፤ የቀረው ታሪክ ከዚህ ይመነጫል። ቻትስወርዝን እንደ ልቡ ሸጦ ገንዘቡን ኪሱ ሊከት የሚችል ባለቤት በታሪኩ ውስጥ እምብዛም የለም። «ባለቤት» የምንላቸው አብዛኞቹ በሕግ ዓይን የዕድሜ ልክ ተጠቃሚዎች ነበሩ። ኪራዩን ይሰበስባሉ፣ ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ፣ ያሳምሩታል፤ ሲሞቱ ግን ቤቱ ለቀጣዩ የሚያልፈው በእነሱ ኑዛዜ ሳይሆን ቀድሞ በተጻፈ ሰነድ ነው። ቤቱን ያቆየው ያ ሰነድ ነው።

ቤተ መንግሥትም አይደለም። የባለ ርስት ቤት ነው፤ ዙሪያውን ካለው መሬት በሚገባው ኪራይ ሲታነጽና ሲጠገን የኖረ። ዴቨንሺር የሚለው ስምም ግር አያሰኝዎ። የእንግሊዝ ማዕረግ ስም መሬቱ የት እንዳለ አይናገርም። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1618 የኧርልነት ማዕረግ ሲያገኝ (ኧርል ከመስፍን ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል) «የደርቢ ኧርል» የሚለው ስም የስታንሊዎች ነበር፤ የዴቨንሺር ግን ክፍት ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከርስት ጋር ያነጻጸሩት ቁም ነገር አለው፤ ልዩነቱ ግን ከመነሻው ነው። በእኛ የርስት ሥርዓት ወንድም ሴትም ልጅ በአባቱም በእናቱም በኩል የመካፈል መብት ስለነበረው መሬት በየትውልዱ ይቆራረሳል። በእንግሊዝ ሕግ ግን አንድ ባለ መሬት ሳይናዘዝ ከሞተ መሬቱ በሙሉ ለበኩር ወንድ ልጁ ነበር የሚያልፈው፤ ይህ ደንብ የተሻረው በ1925 ነው። ታናናሾቹ ከመሬቱ ላይ ገንዘብ ይቆረጥላቸዋል እንጂ ከመሬቱ አይቆረስላቸውም።

የቻትስወርዝን ነገር የጀመረችው የሃርድዊኳ ቤስ በመባል የምትታወቀው ኤልሳቤጥ ናት። አራት ጊዜ አግብታለች። ሁለተኛው ባሏ ሰር ዊልያም ካቨንዲሽ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ገዳማት ሲዘጉና መሬታቸው ሲወረስ ሥራውን ካስፈጸሙት ሹማምንት አንዱ ነበር፤ ሀብቱም ከዚያ መጣ። እሷ ወደ ተወለደችበት ደርቢሺር እንዲዞር አደረገችው፤ በ1549 ቻትስወርዝን በ600 ፓውንድ ገዙ፣ በ1552 መገንባት ጀመሩ። ካቨንዲሽ በ1557 ሲሞት ለዘውዱ ከ5,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ ነበረበት። ቤቱ ያኔ ያልተበተነው ግዢው በባልና ሚስቱ በሁለቱም ስም ስለነበረ ነው፤ በሕይወት እስካለች ድረስ የቤስ ሆኖ ይቆያል፣ ከእሷ በኋላ ለበኩር ልጃቸው ለሄንሪ ያልፋል።

ይህ ውል እሷን ራሷንም አስሯታል። አራተኛ ባሏ የሽሩስበሪ ኧርል ከእሷ ጋር ተጣልቶ ቻትስወርዝ ይገባኛል ሲል በ1584 የታጠቁ ፈረሰኞች አስከትሎ መጣ፤ ሁለተኛው ልጇ ዊልያም በር ዘጋበት። እሷ የምትወደው ይህንን ዊልያምን ነበር፤ ከሄንሪ ጋር ዓይንና ናጫ ሆነዋል። ቢሆንም ቻትስወርዝን ከሄንሪ ልትነጥቀው አልቻለችም። የራሷ የሆነውን ሁሉ ለዊልያም አዘዋወረች፤ በ1590 ጀምራ በ1597 የገባችበት ሃርድዊክ ሆልም የሱ ሆነ። ቤስ በ1608 ስትሞት ሄንሪ ቤቱን ወረሰ፤ ዕዳ ስለነበረበትና ሕጋዊ ልጅ ስላልነበረው ብዙም ሳይቆይ ለወንድሙ ለዊልያም ሸጠለት። በ1618 የዴቨንሺር ኧርል የሆነው ይህ ዊልያም ነው። እናት ያልቻለችውን ዕዳ አደረገው።

ሰነዱ በሙሉ ኃይሉ የወጣው ግን በ1640ዎቹ ከተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። እንግሊዞች ሴትልመንት ይሉታል፤ እኔ የርስት ማሰሪያ ልበለው። የእንግሊዝ ሕግ መሬትን ለዘላለም ማሰር ስለማይፈቅድ፣ በግርድፉ ገና ያልተወለደ ወራሽ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ብቻ ነው የሚታሰረው። ስለዚህ ቋጠሮው በየትውልዱ እንደገና መቋጠር አለበት። አባት የዕድሜ ልክ ተጠቃሚ ነው፤ ልጅ ቀጣዩ ወራሽ። ልጁ 21 ሲሞላው አባትና ልጅ አንድ ላይ ከፈረሙ ማሰሪያውን መፍታት ይችላሉ። ልጁ ያን ጊዜ ማግባት ይፈልጋል፣ እጁ ላይ ግን ገንዘብ የለም። አባት «በየዓመቱ ይህን ያህል እቆርጥልሃለሁ፣ አንተም ፈርም» ይለዋል። ልጁ ሲፈርም አሮጌው ይፈታና አዲስ ይቋጠራል፤ በአዲሱ ልጁም የዕድሜ ልክ ተጠቃሚ ብቻ ይሆናል፣ ሙሉው መብት ገና ላልተወለደው የልጅ ልጅ ይተላለፋል። ባለ መብት ሊሆን አንድ ፊርማ የቀረው ሰው ለዓመታዊ ተቆራጭ ሲል መብቱን ላልተወለደ ሕፃን ያስረክባል ማለት ነው።

ይህ ብልሃት ድካም አለው። በዚያው ሰነድ ለመበለቲቱ የዓመት ቀለብ፣ ለሴቶች ልጆችና ለታናናሽ ወንዶች የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ ይመደባል። ይህ ገንዘብ አዝመራ ቢበላሽም ኪራይ ቢወድቅም አይቀነስም። መሬቱ መሸጥ ስለማይችል የሚገኘው መሬቱን በማስያዝ በብድር ነው። ትልልቆቹ የእንግሊዝ ቤቶች ሀብታም ሆነው ሁልጊዜ ባለ ዕዳ የነበሩት በዚህ ነው። በ1882 የወጣ ሕግ የዕድሜ ልክ ተጠቃሚው መሬት እንዲሸጥ ፈቀደ፤ የሽያጩ ገንዘብ ግን በባለአደራዎች እጅ ይገባል እንጂ በእሱ አይገባም። ከ1997 ወዲህ በዚህ መልክ አዲስ ማሰሪያ መጻፍ አይቻልም፤ ቦታውን ባለአደራዎች የሚያስተዳድሩት ትረስት ይዞታል።

ሁለተኛው ምሰሶ ጋብቻ ነው። 4ኛው መስፍን፣ በ1756 እና 1757 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው፣ በ1748 የበርሊንግተንን ኧርል ወራሽ ሻርሎት ቦይልን አገባ። በዚህ አንድ ጋብቻ ለንደን ውስጥ በርሊንግተን ሃውስና ቺዚክ ሃውስ፣ ዮርክሺር ውስጥ ቦልተን አቢና ሎንዝቦሮ፣ አየርላንድ ውስጥ የሊዝሞር ግንብ ከነመሬቱ ገቡ። በኋላ ቻትስወርዝን ያዳነው በአብዛኛው የእነዚህ መሸጥ ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ለማትረፍ ሌሎች የሚጣሉ ቤቶች ሊኖሩት ይገባል።

«ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ» የሚባለውም ልክ አይደለም። 6ኛው መስፍን ሳያገባ በ1858 ሲሞት ቤቱ ለዘመዱ፣ ለ4ኛው መስፍን የልጅ ልጅ ልጅ አለፈ። 8ኛው በ1908 ያለ ልጅ ሲሞት የወንድሙ ልጅ ወረሰ። በ1944 የ10ኛው መስፍን በኩር ልጅ ቤልጅየም ውስጥ በጦርነት ሲሞት ወራሽነቱ ለታናሹ ለአንድሩ ዞረ። ሰነዱ የሚከተለው ልብ የወደደውን ሰው ሳይሆን የትውልድ ተራን ስለሆነ ሦስቱም ጊዜ ያለ ክርክር ተሻገረ።

ሕንፃውን ሲመለከቱ የሚያዩት የቤስን ቤት አይደለም። 4ኛው ኧርል በ1688 ኋላ ንጉሥ ዊልያም 3ኛ የሆነውን የኔዘርላንዱን ኦሬንጅ ዊልያምን ወደ እንግሊዝ ከጋበዙት ሰባት ሰዎች አንዱ ነበር፤ በ1694 መስፍን ተባለ። በ1687 የደቡቡን ፊት በአርክቴክቱ ዊልያም ታልማን ማደስ ጀመረና አንዱን ጎን ሲጨርስ ሌላውን እያፈረሰ እስከ ሞተበት 1707 ድረስ ሠራ። የመስኮቶቹ ክፈፍ በወርቅ ቅጠል የተለበጠው የምዕራቡ ፊት በ1699 እና 1702 መካከል የተሠራ ነው፤ ጎበጥ ያለው የሰሜኑ ፊት የቶማስ አርቸር ነው። ወደ ሰሜን የተዘረጋው ረጅሙ ክንፍ ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ 6ኛው መስፍን በጄፍሪ ዋያትቪል ያሠራው ነው። «የስኮትላንዷ ንግሥት ክፍሎች» የሚባሉትም ሜሪ ያደረችባቸው አይደሉም። ሜሪ ከ1569 እስከ 1584 የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ እስረኛ ሆና በሽሩስበሪ ኧርል ጥበቃ ሥር ሳለች እዚህ ብዙ ጊዜ ተቀምጣለች፤ የነበረችበት ክንፍ ግን በኋላ እንደገና ተሠርቷል። ሃርድዊክ ሆልንማ አላየችውም፤ በ1587 አንገቷ ሲቀላ ግንባታው ገና አልተጀመረም።

ባላገባው 6ኛው መስፍን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤቱን ከሁሉ ይበልጥ ያስዋበውም ያስጨነቀውም እሱ ነው። በ1826 ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል የ22 ዓመት ወጣት የአትክልት ኃላፊ አድርጎ ቀጠረ። ፓክስተን በ1836 ጀምሮ በ1840 የጨረሰው የመስታወት ቤት 84 ሜትር ርዝመት፣ 37 ሜትር ስፋት፣ 20 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ስምንት ማሞቂያ ምድጃዎች 11 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ ያሞቁታል፤ የድንጋይ ከሰሉ እንዳይታይ በምድር ውስጥ በሐዲድ ይገባል። በ1843 እና 1844 ከቤቱ 107 ሜትር ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ሐይቅ ተቆፈረና በቧንቧ ወርዶ፣ ያለ ምንም ሞተር በከፍታው ግፊት ብቻ፣ ውኃ ወደ 90 ሜትር የሚወረውር ፏፏቴ ተሠራ። የተሠራው ለሩሲያው ዛር ኒኮላስ 1ኛ ጉብኝት ነበር፤ ዛሩ አልመጣም። ካቨንዲሽ የሚባለው የሙዝ ዝርያም ስሙን ያገኘው ፓክስተን በ1830ዎቹ እዚያ ካለማው ተክል ነው፤ ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው፣ አርባ ምንጭ አካባቢ ለገበያ የሚለማውም ጭምር፣ ይህን የቤተሰብ ስም ተሸክሟል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ በ1845 የተሸጠው ሎንዝቦሮና መስፍኑ ሲሞት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የተጠጋ ዕዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የሽያጭ ታሪክ ነው። በ1914 በጥንታዊው አታሚ ካክስተን የታተሙ መጻሕፍትና የሼክስፒር ቀደምት እትሞች አሜሪካ ሄዱ። በ1920 ለንደን ፒካዲሊ ላይ የነበረው ዴቨንሺር ሃውስ ተሸጠ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈረሰ፤ በሩ ዛሬ ግሪን ፓርክ መግቢያ ላይ ቆሟል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከሰል ስላጣ ተክሎቹ የሞቱበት የፓክስተን የመስታወት ቤትም በ1920 በፈንጂ ፈረሰ። ቺዚክ በ1929 ሄደ።

«መንግሥት እንዴት ዝም አላቸው?» ላሉት፦ ዝም አላላቸውም። በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1967 ዓ.ም. እኛ አገር እንደታወጀው ዓይነት የመሬት አዋጅ ግን አልወጣም፤ በውርስ ግብር ነው የገባው። ግብሩ በ1894 ሲጀመር ከፍተኛው 8 በመቶ ነበር፤ በ1949 80 በመቶ ደረሰ። 10ኛው መስፍን ይህን አይቶ በ1946 ንብረቱን ወደ ቤተሰብ ትረስት አዛወረ። ሕጉ ግን ሰጪው ከሰጠ በኋላ አምስት ዓመት መኖር አለበት ይል ነበር፤ ያውም በዚያው ዓመት ከሦስት ወደ አምስት ከፍ የተደረገ ነው። መስፍኑ በኅዳር 1950፣ በ55 ዓመቱ፣ እንጨት ሲፈልጥ ልቡ ቆመ። አምስቱ ዓመት ሊሞላ የቀሩት ጥቂት ወራት ነበሩ። ሦስት ዓመቱ ቢጸና ኖሮ ግብሩ አይነካውም ነበር።

ግብሩ 7 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል መጣ፤ እስኪከፈል ወለድ ይቆጥራል። ልጁ አንድሩ፣ 11ኛው መስፍን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር መሬት ሸጠ። ቤስ የሠራችው ሃርድዊክ ሆል በግብሩ ፈንታ ለመንግሥት ተሰጥቶ በ1959 ታሪካዊ ቦታዎችን የሚጠብቀው የናሽናል ትረስት ድርጅት ሆነ። የሜምሊንግ ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል ወደ ናሽናል ጋለሪ፣ ሆልባይን ሄንሪ 8ኛን የሣለበት ትልቅ ንድፍ ወደ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ሄዱ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ1974 ነው።

እናም ዛሬ ማን ነው ባለቤቱ? ንብረቱ የቤተሰቡ ትረስት ነው። ቤቱን፣ የአትክልት ስፍራውንና ፓርኩን ደግሞ በ1981 የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለ99 ዓመት ተከራይቶ ያስተዳድራል፤ ለመቋቋሚያው ከቤቱ ስብስብ አንድ የፑሳን ሥዕል ተሸጧል። የጎብኚ መግቢያ ገንዘብ ለቤቱ ጥገና ይውላል፤ በ2018 የተጠናቀቀው የመጨረሻው ትልቅ እድሳት ብቻ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቷል። ከ2004 ጀምሮ 12ኛው መስፍን የሆነው ፔሬግሪን ካቨንዲሽና ቤተሰቡ ለሚኖሩበት ክፍል ኪራይ ይከፍላሉ።

«ታዲያ ለልጅ በስጦታ ሰጥቶ እዚያው መኖር አይቻልም?» ብለው ካሰቡ፣ አይሠራም። ዛሬ የውርስ ግብሩ ከ325,000 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ 40 በመቶ ነው፤ ስጦታ ነፃ እንዲሆን ሰጪው ሰባት ዓመት መኖር አለበት። ከ1986 ወዲህ ደግሞ ቤቱን ሰጥቶ የገበያ ኪራይ ሳይከፍል እዚያው የሚኖር ሰው ለግብሩ እንዳልሰጠ ይቆጠራል። ለታሪካዊ ቤቶች የተተወ በር አለ፦ ባለቤቱ ሊጠግን፣ ሊጠብቅና ሕዝብ በተወሰኑ ቀናት ሊያስገባ ከተስማማ ግብሩ ይቆይለታል፤ ስምምነቱን ያፈረሰ ወይም የሸጠ ቀን ግን ይጠየቃል። በርካታ የእንግሊዝ ቤቶች ለጎብኚ የተከፈቱት በዚህ ስምምነት ነው።

የሌላ ቤት ታሪክ ራስዎ መከታተል ከፈለጉ ከኑዛዜ አይጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በማሰሪያ ሥር ያለ ቤት በኑዛዜ ስለማይተላለፍ ኑዛዜው ላይ ላይጠቀስ ይችላል፤ «ቤቱ ያኔ ተሸጦ ነበር» ወደሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይወስድዎታል። መጀመሪያ የበኩር ልጆችን የጋብቻ ቀንና 21 ዓመት የሞላቸውን ቀን ይለዩ፤ ወሳኙ ሰነድ የሚገኘው በእነዚያ ወራት አካባቢ ነው። የመሬት ምዝገባ መሥሪያ ቤትንም ለጥንቱ አይመኑት፤ መሬት ሲሸጥ ማስመዝገብ በመላው እንግሊዝ ግዴታ የሆነው በ1990 ስለሆነ ሳይሸጥ የኖረ ቤት መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። ከ1ኛው እስከ 7ኛው ያሉት የዴቨንሺር መስፍኖች ሰባቱም ዊልያም ናቸው፤ የበኩር ልጁም አባቱ እስኪሞት «የሃርቲንግተን ማርኪስ» እየተባለ ይጠራል። ስሙን ብቻ አይጻፉ፤ ተራ ቁጥሩንና የሞተበትን ዓመት አብረው ይጻፉ። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች 25 ስለነበር፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ዛሬ ከምንቆጥረው አንድ ዓመት ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የአቆጣጠር ልዩነት ለለመድን ለእኛ ከባድ አይደለም፣ ካልታሰበበት ግን ልጅን ከአባቱ ሠርግ በፊት ያስወልዳል።

ዳግመኛ ከሄዱ ቅደም ተከተሉን ይቀይሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ከቻትስወርዝ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ወደሚርቀው ሃርድዊክ ሆል አስቀድመው ይሂዱ፤ የቤስ ቤት በአብዛኛው እሷ እንደተወችው ያለው እዚያ ነው፣ የስሟ መነሻ ፊደላትም ጣሪያው ላይ በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል። ከዚያ ቻትስወርዝ ሲደርሱ ወደ ሳሎኖቹ ከመግባትዎ በፊት ከበስተጀርባ ያለውን ደን ይውጡ፤ አናቱ ላይ የአዳኞች ግንብ የሚባል ባለ አራት ክብ ማዕዘን ትንሽ ሕንፃ አለ። ቤስ በ1580ዎቹ ያሠራችውና እስካሁን የቆመ ነው። ውስጡ ለእረፍት እንግዶች ስለሚከራይ የሚታየው ከውጭ ብቻ ነው።